ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የሰው ሀብት ሥራ፦ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከፍኖተ ሰላምና ከዳንግላ የሰው ሀብት ባለሙያዎችና ሥራ ፈላጊዎች የሚመላለሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ሀብት ሥራ ውስጥ ምን ምን ይሠራል?

ሲቪ አንብቦ ለአመልካቾች ደረጃ ያወጣል፣ የሥራ ማስታወቂያና ደብዳቤ ያረቅቃል፣ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፣ የፈረቃ ድልድል ያወጣል፣ የመግቢያና መውጫ ሰዓት ይከታተላል፣ አንዳንዴም «ይህ ሠራተኛ ሊለቅ ነው» ብሎ ይገምታል። ለቅጥር ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል፤ ማንም በስልኩ የሚከፍተው ቻትጂፒቲ ወይም ጂሚናይም ሊሆን ይችላል።

ሥነ ምግባሩን ስናነሳ ሁለት ዓይነት ሥራ መለየት ያስፈልጋል። የተረቀቀ ደብዳቤ ቢሳሳት ይታረማል። ሰው መምረጥ፣ መመዘንና ማሰናበት ግን የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚመለከቱት ይህን ሁለተኛውን ነው።

እኛ ያለነው ጎጃም ነው። አብዛኛው ማህደራችን ገና ወረቀት ነው። ይህ ጉዳይ ምኑ ይመለከተናል?

ይመለከተናል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳርና ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመረቁ ልጆቻችን የሚያመለክቱት እዚሁ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላሉ ድርጅቶች፣ ለውጭ ኩባንያዎች፣ በኢንተርኔት ለሚሠሩ ሥራዎችም ያመለክታሉ፤ ሲቪያቸውን መጀመሪያ የሚያየው ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የባንክ ቅርንጫፎች፣ ሆስፒታሎችና ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የሰው ሀብት ሥርዓት የሚወሰነው ከማዕከል ነው፤ ቅርንጫፉ ሳይጠየቅ ይደርሰዋል።

ሦስተኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአንድ ማስታወቂያ ለጥቂት ቦታ ብዙ መቶ ሰው ይመዘገባል፤ ባለሙያው አንድ ወይም ሁለት ነው። የደከመ ባለሙያ ማታ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ከፍቶ «እነዚህን ለይልኝ» ቢል አይገርምም። መመሪያ ሳይወጣ፣ ሥልጠና ሳይሰጥ፣ አለቃም ሳያውቅ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

የሰው ሀብት ባለሙያውን ሥራ ይወስዳል?

የጽሕፈት፣ የመመዝገብና የመደርደር ሥራውን በከፊል ይወስዳል። ማህደር ፍለጋ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ባለሙያ ከዚህ ቢገላገል ደስ ሊለው ይገባል። ቅሬታ መስማት፣ የተጣሉ ሠራተኞችን ማስማማት፣ ሐዘን የደረሰበትን ሠራተኛ ሁኔታ አይቶ ፈቃድ ማመቻቸት የሰው ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ባለሙያው ሥራው ላይ ተቀምጦ ሳለ የመመዘን ችሎታውን ቀስ በቀስ ለማሽን አስረክቦ ፈራሚ ብቻ መሆኑ ነው።

ማሽን ዘመድ የለው፣ የወንዝ ልጅ አያውቅ፣ ጉቦ አይበላ። ከሰው ይልቅ ፍትሐዊ አይሆንም?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የሚጠየቅበትም ምክንያት አለው። በዘመድ አዝማድ ቅጥር ያልተማረረ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰው ከማይታወቅ ኮሚቴ ይልቅ የማይታወቅ ማሽን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ማሽኑ ግን ፍትሕን ከየትም አላመጣም። የሚማረው ካለፈው መዝገብ ነው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቪ የሚመዝን ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ ፕሮግራሙ የተማረው በ10 ዓመት ውስጥ ለኩባንያው ከገቡ ሲቪዎች ነው። የቴክኒክ ሥራ ላይ የነበሩት በብዛት ወንዶች ስለነበሩ ፕሮግራሙ ወንድነትን እንደ ብቃት ቆጠረው፤ «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ሲቪ፣ ለምሳሌ የሴቶች ቼዝ ክለብ አባል ነበርኩ የሚለውን፣ ነጥብ ይቀንስበት ጀመር። ኩባንያው ሊያስተካክለው ሞክሮ ሊተማመንበት ስላልቻለ ጣለው፤ ዓለም የሰማው በ2018 እ.ኤ.አ. በዜና ወኪሉ ሮይተርስ ዘገባ ነው።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። አንድ መሥሪያ ቤት ለ20 ዓመት ለኃላፊነት ቦታ ወንድ ብቻ ሲሾም ኖሮ ያንን መዝገብ «ጥሩ ኃላፊ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ለማሽን ቢሰጥ፣ ማሽኑ ያንኑ ይደግማል። የዘመድ ቅጥር የሞላበት መዝገብም እንዲሁ ነው፤ የአክስት ልጅነቱ በወረቀቱ ላይ ባይጻፍም የትውልድ ወረዳው፣ የተማረበት ትምህርት ቤትና የመጀመሪያ ሥራው ተጽፏል። ልዩነቱ፣ ኮሚቴ ሲያዳላ «ለምን?» ብሎ የሚጮህ ሰው አይጠፋም፤ ማሽን ሲያዳላ ግን ውጤቱ በቁጥር ስለሚወጣ ሁሉም ዝም ይላል።

ጾታን፣ ብሔርንና ሃይማኖትን ከመረጃው ብንሰርዝስ አድልዎው አይጠፋም?

ይቀንስ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ስም ብቻውን ጾታንና ሃይማኖትን ይናገራል። የትውልድ ቦታ ብሔርን ይጠቁማል። ስሙንም ቦታውንም ብንደብቅ የሥራ ክፍተት ይቀራል፦ ወልዳ ልጇን ስታሳድግ የቆየች ሴት ሲቪ ላይ የሁለት ዓመት ባዶ ቦታ አለ፤ ሶፍትዌሩ እናትነትን ሳያውቅ ባዶውን ብቻ አይቶ ይቀንስባታል።

በእኛ አካባቢ ይህ ክፍተት ሌላም ትርጉም አለው። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት መሥሪያ ቤቶች ተዘግተዋል፣ ትምህርት ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል። ዘግይቶ ያመለከተ፣ ሲቪው ላይ ክፍተት ያለበት፣ ኢሜይል ለመመለስ ቀናት የፈጀበት የሞጣ ወይም የቢቸና ልጅ ግዴለሽ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሶፍትዌር «ፈጥኖ መልስ የሰጠ ትጉህ ነው» ብሎ ቢመዝን፣ የሚቀጣው ልጁን በኖረበት ሁኔታ ነው። የሰው ሀብት ባለሙያው እዚህ ላይ አፍ አውጥቶ መናገር አለበት፤ ከማዕከል ሆኖ ሥርዓቱን የገዛው ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል።

በስማችን፣ በዘመን አቆጣጠራችንና በፊደላችን ምክንያት የሚፈጠር ስህተት አለ?

አለ፤ ብዙም አለ። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የሚሠራው በውጭው ልማድ ነው። በዘመን አቆጣጠሩ ልጀምር። አንዲት አመልካች «የተወለድኩት በ1994፣ የሠራሁት ከ2012 እስከ 2015» ብላ ብትጽፍና ዓ.ም. የሚለውን ባትጨምር፣ ሶፍትዌሩ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ይወስደዋል። ዕድሜዋ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምርባታል፤ በ2015 ሥራ ያቆመች ስለሚመስለውም ከ10 ዓመት በላይ ሥራ ፈት ናት ብሎ ይደመድማል። ወይ ሁሉም አመልካች በአንድ አቆጣጠር እንዲጽፍ ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይነገር፣ ወይ ቅጹ ሁለቱንም ይጠይቅ።

ስም ሌላው ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሶፍትዌሩ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዛል። ኃይለ ማርያም ወይም ገብረ መድኅን ተነጣጥሎ ሲጻፍ ማርያምን ወይም መድኅንን የአባት ስም ያደርገዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ጸሐይ የሚለው ስም በዲግሪው አንድ ዓይነት፣ በፋይዳ መታወቂያው ሌላ ዓይነት፣ በመውጫ ፈተናው ውጤት ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ሰው አይቶ «አንድ ሰው ናት» ይላል። ማሽን ግን «መረጃው አይገናኝም» ብሎ ይጥላታል፤ ከባሰም የተጭበረበረ ሰነድ ነው የሚል ምልክት ያደርግባታል።

በፊደል በኩል ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ በዓይን ሲታይ ጥሩ አማርኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ድብልቅልቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሲቪ ሶፍትዌር ሲያነበው ትርጉም የለሽ ነገር ሆኖ ይታየዋል፤ ነጥቡም ዜሮ ይሆናል። ስካን የተደረገ፣ ማኅተም የተመታበት የልምድ ማስረጃም በአብዛኛው በትክክል አይነበብለትም። ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚረዱት የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የተጻፈ አማርኛ እንኳ ቢሆን እነዚህ ሶፍትዌሮች ከእንግሊዝኛ ያነሰ ነው የሚያውቁት፤ የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ትንሽ ነውና።

አንድ ልጨምር። በዩኒቨርሲቲ በር አካባቢ ባሉ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች አንድ ጸሐፊ የአንድ ባች ተመራቂዎችን ሲቪ በአንድ ቅርጽ ይጽፋል። «ራስን መግለጫ» የሚለው ክፍል ከሞላ ጎደል ቃል በቃል አንድ ነው። ተመሳሳይነት የሚፈልግ ሶፍትዌር እነዚህን ልጆች ተኮራርጀዋል ይላል። ያልተኮረጀውን የሕይወት ታሪካቸውን፣ ማለትም የት ተማሩ፣ ምን ሠሩ የሚለውን፣ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት።

የአመልካቾችን ሲቪ ቻትጂፒቲ ላይ ጭኜ «አስር ሰው ምረጥልኝ» ብል ምን ችግር አለው?

ሲቪ ውስጥ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ፎቶ፣ አንዳንዴም የጋብቻ ሁኔታና የጤና መረጃ አለ። ሰውየው ይህን የሰጠው ለእርስዎ መሥሪያ ቤት እንጂ ውጭ ሀገር ላለ ኩባንያ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይጠይቃል፤ ከሀገር ውጭ ማስተላለፍንም በቅድመ ሁኔታ ይገድባል። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» መልስ አይሆንም።

ሁለተኛው ችግር የውጤቱ ነው። ተመሳሳይ ሲቪዎችን ዛሬና ነገ ቢሰጡት፣ ወይም ቅደም ተከተላቸውን ቢቀያይሩት፣ የሚመርጣቸው ሰዎች ሊለያዩ ይችላሉ። «ለምን ይህን መረጥክ?» ሲሉት አሳማኝ ምክንያት ይጽፍልዎታል፤ ያ ምክንያት ግን ከምርጫው በኋላ የተቀናበረ ሊሆን ይችላል። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይህን ይዘው አይቀርቡም።

ሥራ ማቅለል ከፈለጉ ሰውን ሳይሆን ወረቀቱን ያሠሩት። የሥራ መዘርዝሩን ያጥራ፣ ማስታወቂያውን ያርም፣ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችን ያርቅቅ። ዝቅተኛውን መስፈርት ማለትም ዲግሪን፣ የመውጫ ፈተና ማለፍንና የልምድ ዓመትን ለመለየት ኤክሴል ይበቃል፤ ኤክሴል ላይ ለምን እንደወደቀ ማንም ሰው አይቶ ይረዳዋል።

አመልካቹ ራሱ የማመልከቻ ደብዳቤውን በቻትጂፒቲ ቢያጽፍስ? ልጥለው?

እኔ አልጥለውም። ትናንት ለጽሑፍ ቤት ከፍሎ ያስጻፈውን ዛሬ በስልኩ አስጽፏል። ያልሠራውን ሠራሁ ካለ ግን ያ ውሸት ነው፤ ውሸቱ በማሽን ተጻፈ በእጅ ለውጥ የለውም።

በማሽን የተጻፈውን እንለያለን የሚሉ ሶፍትዌሮችን ደግሞ አይመኑ። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7 እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮችን ፈትነው ነበር። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በራሳቸው እጅ ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ከጻፏቸው ድርሰቶች ውስጥ በአማካይ 61 በመቶውን «በማሽን የተጻፈ» ብለዋል። እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት የተማረ የእኛ ልጅ በቀላልና በተለመዱ ቃላት ስለሚጽፍ ማሽን ይመስላቸዋል። ችሎታውን ማወቅ ከፈለጉ ጠርተው ፊት ለፊት አንድ ገጽ ያስጽፉት።

በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ጊዜ ፊትንና ድምፅን አንብቦ «ይህ በራሱ የሚተማመን ነው» የሚል ሶፍትዌር አስተማማኝ ነው?

አይደለም። ሃይርቩ የተባለው በዚህ የታወቀ ኩባንያ ራሱ የፊት ትንተናውን መተዉን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ቦታ ስሜትን የሚያነቡ ሥርዓቶችን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በቀር፣ ከልክሏል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይም አለ። ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ተነሥተው ጾታን የሚለዩ 3 የገበያ ሶፍትዌሮች ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተታቸው ከ0.8 በመቶ ሳይበልጥ፣ ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ ተገኝቷል። ጾታን እንኳ ለመለየት እንዲህ የተሳሳተ ነገር የእኛን ሰው በራስ መተማመን ይለካል ማለት ይከብዳል።

እኛ ዘንድ ደግሞ ታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገር፣ «እኔ እኔ» አለማለት ጨዋነት ነው። የገጠር ወላጅ ልጁን እንዲህ ብሎ ነው ያሳደገው። ዓይን ለዓይን መተያየትን እንደ ብቃት የሚቆጥር ሥርዓት ያንን አስተዳደግ ድክመት ብሎ ይመዘግበዋል። ዓይናቸው ለማያይ፣ ንግግር ለሚከብዳቸው አመልካቾችም በሩን ይዘጋል፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው ለእነርሱ ሁኔታዎችን እንዲያመቻች ያስገድዳል።

የአሻራና የፊት መቆጣጠሪያ ማሽን መጠቀም ሥነ ምግባራዊ ነው?

መግቢያ ሰዓት መቆጣጠር የአሠሪው መብት ነው። ነገር ግን አሻራ እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም፤ አንዴ ከወጣ ወጥቷል። የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሠራተኛው ሲለቅ እንደሚጠፋ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ድንጋይ የሚጠርብ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ከግብርና ያልተለየ ሰው ጣቱ ስለሚሻክር ማሽኑ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። መብራት ሲጠፋም ምዝገባ የለም።

ይህ ቀላል አይምሰልዎ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ማሽኑ ያላነበበው ጣት እንደ ማርፈድ ተቆጥሮ ሰው ከእንጀራው ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አጠገቡ የፊርማ መዝገብ ይኑር፤ ሠራተኛውም በየወሩ የተመዘገበበትን አይቶ የሚቃወምበት ጊዜ ይሰጠው።

የምንጠቀምበት ሶፍትዌር እያዳላ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም።

የኮምፒውተር እውቀት አይጠይቅም፤ ማካፈል ከቻሉ ይበቃል። በአሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣ «የአራት አምስተኛ» መመዘኛ አለ። ለምሳሌ 100 ወንዶች አመልክተው 40 ቢያልፉ የማለፍ መጠናቸው 40 በመቶ ነው። 50 ሴቶች አመልክተው 10 ቢያልፉ 20 በመቶ ነው። 20 ለ40 ሲካፈል 50 በመቶ ይመጣል፤ ከ80 በመቶ በታች ነውና ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አድልዎ ተፈጸመ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ግን ማስረዳት አለብዎት። በጾታ ብቻ ሳይሆን በከተማና በገጠር፣ በየዩኒቨርሲቲው፣ በዕድሜም ይሞክሩት። ቁጥሩ በጣም ትንሽ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ አመልካቾቹ አስር ብቻ ከሆኑ፣ ስሌቱ ብዙ አይነግርዎትም።

ሌላው መንገድ መፈተን ነው። አንድ ሲቪ ወስደው የፈጠራ ስም ይስጡት፤ ከዚያ ስሙን ብቻ፣ ወይም የትውልድ ቦታውን ብቻ ቀይረው እንደገና ያስገቡት። ነጥቡ ከተለወጠ ሶፍትዌሩ የት ላይ እንደሚያዳላ አይተዋል። ሻጩ «ይህ የንግድ ምስጢር ነው» ብሎ እንዲህ ያለ ፍተሻ ከከለከለ አይግዙት። በኒውዮርክ ከተማ ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለ የቅጥር መሣሪያ በየዓመቱ በገለልተኛ አካል ሳይመረመር ሥራ ላይ እንዳይውል ሕግ ተፈጻሚ ሆኗል፤ ስለዚህ ጥያቄው ለሻጮቹ አዲስ አይደለም።

ሶፍትዌሩ ቢሳሳት ተጠያቂው ማን ነው? እኔ፣ አለቃዬ ወይስ የሠራው ኩባንያ?

ሠራተኛው ዘንድ ተጠያቂው አሠሪው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ልዩነት እንዳያደርግ ሲከለክል «በማሽን ካደረገ ግን ይፈቀድለታል» አላለም። አሠሪው ከሻጩ ጋር ያለው ክርክር የራሱ ጉዳይ ነው።

ከውጭ አንድ ምሳሌ እንይ። አይቲዩተር ግሩፕ የተባለ በኢንተርኔት እንግሊዝኛ የሚያስተምር ድርጅት፣ ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶችንና 60ና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶችን ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲጥል አድርጎ ነበር። ከ200 በላይ ብቁ አሜሪካውያን አመልካቾች በዚህ ወድቀዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. 365,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። ሶፍትዌሩ አልተከሰሰም።

ቃለ ጉባኤው ላይ የፈረመውም ሰው ከኃላፊነት አያመልጥም። ስለዚህ እኔ ለራሴ የያዝኩት መለኪያ አንድ ነው፦ ይህን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጬ ለምን እንደወደቀ በአማርኛ ማስረዳት ካልቻልኩ፣ በውጤቱ ላይ አልፈርምም።

አመልካች ነኝ። በማሽን ተመዝኜ ወድቄ ከሆነ ምን ማድረግ እችላለሁ?

በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ውጤቴ ስንት ነው፣ መስፈርቱ ምን ነበር፣ ማን ወይም ምን መዘነኝ፣ ማን አጸደቀው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ስለ እርስዎ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጥዎታል። የስም አጻጻፍ ወይም የዘመን አቆጣጠር ስህተት ከሆነ ማስረጃዎን አያይዘው እንዲታረም ያመልክቱ፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነና መልስ ካጡ፣ ከቅሬታ ሰሚው በኋላ የሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው።

ሠራተኛ ልንቀንስ ነው። ሥርዓቱ ያወጣውን የምርታማነት ደረጃ ተጠቅመን ከታች ያሉትን ብናሰናብትስ?

እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ለማሽኑ በር የሚከፍት ይመስላል። አዋጅ 1156/2011 ቅነሳ ሲደረግ (ቅነሳ የሚባለውም ከጠቅላላው ሠራተኛ ከ10 በመቶ ያላነሰ፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ) የሥራ ችሎታና ከፍተኛ የምርት ውጤት ያላቸው እንዲቀሩ ቅድሚያ ይሰጣል። ሠራተኞቹ በዚህ እኩል ከሆኑ ነው የአገልግሎት ዘመን፣ የጥገኞች ብዛት፣ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት፣ የሠራተኛ ተጠሪነትና ነፍሰ ጡርነት የሚታዩት። ሁሉም የሚንጠለጠለው «ምርታማ ማን ነው?» በሚለው ላይ ነው።

ማሽን የሚለካው ለመለካት የሚቀለውን ነው። አንድ የብድርና ቁጠባ ባለሙያ ፍኖተ ሰላም ከተማ ቢሮ ተቀምጦ በቀን ብዙ ደንበኛ ይመዘግባል። ጓደኛው ሰከላ ወይም ቋሪት ገጠር ቀበሌ ድረስ በእግሩ ወጥቶ የሁለት ገበሬ ብድር ያስመልሳል፤ የኔትወርክ ያለህ እያለ ማታ ይመዘግበዋል። በሥርዓቱ ሠንጠረዥ ላይ ሁለተኛው ሰው ሰነፍ ነው። የወሊድ ፈቃድ የወጣችው ሠራተኛም ለዚያን ጊዜ ምርቷ ዜሮ ነው።

ስለዚህ ደረጃውን ብቻ ይዞ ማሰናበት አይገባም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተጠሪዎቹ ጋር መመካከር የሕግ ግዴታ ነው፤ በምክክሩ ላይ ሶፍትዌሩ ምን ምን እንደቆጠረ በግልጽ ይቅረብ። የቅርብ ኃላፊው በእያንዳንዱ ስም ላይ የራሱን አስተያየት በጽሑፍ ይስጥ፤ የሥራ ቦታው ርቀት፣ ፈቃድ ላይ የነበረበት ጊዜና መንገድ የተዘጋበት ወራት ይቀነስለት። ረጅም ነው፤ ያደክማል። ግን የሚሰናበተው ሰው ነው።

አለቃዬ የሚፈልገውን ሰው ለማስገባት «መስፈርቱን ትንሽ አስተካክለውና ውጤቱን ማሽኑ ነው ያወጣው በል» ቢለኝስ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። መስፈርት ላይ አንድ ቁጥር መንካት፣ ለምሳሌ ለልምድ የሚሰጠውን ከ20 ወደ 35 ማድረግ፣ ማንም ሳያየው የአሸናፊውን ስም ይቀይራል። ድሮ እንዲህ ለማድረግ ቢያንስ ሦስት የኮሚቴ አባል ማግባባት ያስፈልግ ነበር።

መከላከያው ከምዝገባው በፊት ነው የሚሠራው። መስፈርቱና የነጥብ ክፍፍሉ ማስታወቂያው ሲወጣ አብሮ ይለጠፍ፤ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የመጀመሪያው ውጤት እንደወጣ ታትሞ ሁሉም አባላት ይፈርሙበትና ማህደር ይግባ። ሥርዓቱ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚመዘግብ ከሆነ ያ መዝገብ እንዳይጠፋ ያድርጉ፤ የማይመዘግብ ከሆነ ለቅጥር አይጠቀሙበት።

ከምዝገባ በኋላ ትእዛዙ ከመጣ ደግሞ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። «ይህን ለመለወጥ በደብዳቤ ይታዘዝልኝ» ማለት ትህትናን አያጓድልም፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ትእዛዝም ደብዳቤ መሆን አይወድም። በጽሑፍ ከመጣ የልዩነት ሐሳብዎን በቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዝግቡ፣ ግልባጩን ይያዙ። ይህን ሲያደርጉ ዋጋ ሊያስከፍልዎ እንደሚችል አውቃለሁ፤ የቤተሰብ ኃላፊ ለሆነ ሰው ቀላል ምክር አይደለም። ለዚህ ነው መስፈርቱን አስቀድሞ ሰሌዳ ላይ መለጠፍን አጥብቄ የምለው፦ ሰው ሁሉ ያነበበውን ቁጥር አንድ ባለሙያ ብቻውን እንዲቀይር ማዘዝ ለአለቃውም ይከብደዋል።